ከቢላው በፊት መርፌ

ካህሊሶ ግራ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት መጀመሪያ ያሳየችው ለባሏ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ማፑትሱዌ በምትባለው የድንበር ከተማ ጂንስ በሚሰፋበት ፋብሪካ የምንቀመጠው ጎን ለጎን ነበር፤ እሷ ዚፕ ትሰፋለች፣ እኔ ኪስ። የምንኖረውም ጎን ለጎን ነው። በተርታ ከተሠሩት የኪራይ ክፍሎች አራተኛው የእሷ፣ አምስተኛው የእኔ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ባሏ ቴፎ ሲያንኮራፋ የምነቃው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጸዳጃ ቤት ጠራችኝና በሩን ቆልፋ ሸሚዟን ፈታች።

«ማታቶ፣ እስቲ እዚህ ጋ ጫን አድርጊ።»

ጫን አደረግሁ። ከቆዳው ሥር የኮክ የውስጥ ፍሬ የሚያህል ደረቅ ነገር ጣቴን መልሶ ገፋው።

«ያምሻል?»

«አያምም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ሴሎዋኔንም አላመማትም ነበር።»

ሴሎዋኔ ታላቅ እህቷ ነበረች። ካህሊሶን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። አባታቸው ወርቅ ማውጫው ጉድጓድ ውስጥ ሳንባውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል አብራው እየተኛች ያስታመመችውም እሷ ናት። አባትየው ከሞተ ዓመት ሳይሞላው ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ ዳሰሰና «ካንሰር ነው፤ ጡቱ ይነሣ» አለ። ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ልትታጠብ ከአልጋ ስትወርድ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ካህሊሶ እብጠቱን ስታሳየኝ ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል።

በእኛ አገር ሴት ስታገባ ገና ባልወለደችው የበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ካህሊሶን በልጅነት ስሟ የምጠራት ጓደኛዋ ስለሆንኩ ነው። የእነካህሊሶ እናት እሜ ማሴሎዋኔ ናት፤ «እሜ» እናት ማለት ነው፣ ማሴሎዋኔ ደግሞ የሴሎዋኔ እናት። ልጅቷ አፈር ከገባች ወዲህም ባለሱቁ፣ ቄሱ፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ በዚያው ስም ይጠሯታል። ሌላ ስም የላትም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ካህሊሶ ፈቃድ ወስዳ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። እኔም «ሆዴን ቆርጦኛል» ብዬ አለቃችንን ዋሽቼ ተከተልኳት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን የገባነው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል። በሆስፒታሉ ከእሱ ሌላ ቀዶ ሐኪም እንደሌለ ሰልፉ ላይ ሲወራ ሰምተናል። ጡቷን ዳሰሰ። ብብቷን ዳሰሰና እዚያም አንዲት ትንሽ እብጠት አገኘ። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቃት፤ ስለ እህቷ ነገረችው። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲያው መቆየት የለብንም» አለ። «ጡቱ ሙሉ ለሙሉ ይነሣል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነው ቀጠሮሽ። ሰኞ መጥተሽ ትተኛለሽ።»

«ምን እንደሆነ በምን ታወቀ ዶክተር?»

«ዳስሼዋለሁ። የእህትሽንም ነግረሽኛል። ካወጣነው በኋላ ደግሞ ይመረመራል።»

«መጀመሪያ ተመርምሮ ከዚያ ቢወጣስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «እህቴ፣ ናሙና ዋናው ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴም እዚያው ይጠፋል። ወር ጠብቀው የመጡ ሴቶች አይቻለሁ። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ማየት አልፈልግም።»

ጤና ደብተሯ ላይ ጻፈላት። እኛ ዘንድ የሰው ሕመም የሚጻፈው ባለቤቱ ይዞት በሚዞረው በዚያ ትንሽ ደብተር ላይ ነው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ደብተሩን ደጋግማ እየከፈተች አየችው።

«የሴሎዋኔ ደብተር ላይም እንዲሁ ነው የተጻፈው» አለችኝ። «ቃል በቃል። ቀኑ ብቻ ነው የሚለየው።»

ቴፎ ድንበር ከሆነው ወንዝ ማዶ በነጮቹ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ያን ዓርብ ነገረችው። በግድግዳው አልፎ ሁሉም ይሰማኛል።

«ይቆረጥ» አለ ቴፎ። «ነገ ቢሆንም ይቆረጥ። እኔ ያገባሁት አንቺን ነው፤ የወተት ላም አላገባሁም።»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«መርፌ ወግተው ቢያዩት ምን ነበረበት ቴፎ? ሴሎዋኔን አላዩላትም። ዝም ብለው ቆረጧት።»

«ሴሎዋኔ የሞተችው ወድቃ ነው።»

«ባይቆርጧት ኖሮ እዚያ ምን አስተኝቷት ትወድቅ ነበር?»

በነጋታው ጠዋት የልብስ ገመዱ ጋ አገኘኋትና፣ ከተራራው ሥር ባለው የሚስዮን ሆስፒታል የአክስቴን እንቅርት ያከመ አንድ ሐኪም እንዳለ ነገርኳት። የኮንጎ ሰው ነው፤ ዶክተር ካዛዲ ይባላል። «ሌላ ሰው አይቶት ያንኑ ካለሽ ትቆረጫለሽ» አልኳት። «ያኔ ቢያንስ ሁለት ሰው ብሎሻል።»

ለእናቷም ስልክ ደወለች። እሜ ማሴሎዋኔ ፒትሴንግ ከሚባለው መንደራቸው ብዙም አትወጣም። ስልኩ ላይ በጣም ስለምትጮህ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ሁለተኛ ሐኪም? የመጀመሪያው ምን በደለሽ? ሐኪምን እንደ በግ ነጋዴ ታወዳድሪያለሽ እንዴ? እህትሽ ከሐኪም ጋር አልተከራከረችም።»

«አዎ እሜ» አለች ካህሊሶ ቀስ ብላ። «አልተከራከረችም።»

ወዲያው የስልኩ ሂሳብ አልቆ ተዘጋ።

ካዛዲ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይያዛል፤ ከዚያ ዳገቱ በእግር ነው። አጭር፣ ራሰ በራ ሽማግሌ ነው። ሃያ አምስት ዓመት እኛ ዘንድ ኖሮ ቋንቋችንን አሁንም ትኩስ ገንፎ አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚናገረው። ሁለታችንን አየና «ከሁለታችሁ በሽተኛዋ የትኛዋ ናት? ሁለታችሁም ፊታችሁ የቀብር ነው» አለ።

ካህሊሶ ደብተሯን ሰጠችው። ቀጥላም ከቦርሳዋ ሌላ ደብተር አወጣች፤ የሴሎዋኔን። ይዛው እንደመጣች እኔም አላወቅሁም ነበር። ካዛዲ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበበ። ከዚያ ዳሰሳት፤ ከወጣቱ ሐኪም የበለጠ ጊዜ ወሰደ። እየዳሰሰም ይጠይቃታል። ማታ ማታ ያልብሻል ወይ? ከስተሻል ወይ? ቤታችሁ የሚያስል ሰው ነበር?

«አባቴ። ማዕድን ሠራተኛ ነበር።»

«ማን አስታመመው?»

«ሴሎዋኔ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እረዳት ነበር።»

ካዛዲ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ ልጄ። የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቷል አልልሽም። ልክ ሊሆን ይችላል። ካንሰር ከሆነ እኔም ያው ይቆረጥ ነው የምልሽ። ግን ሰው ቤት ከማፍረሱ በፊት በር ያንኳኳል፤ ውስጥ ማን እንዳለ ያያል። እኔ በመርፌ ላንኳኳ።»

ወጋት። በመርፌው የመጣውን ነገር ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው እኔም አየሁት፤ ወፍራም፣ ቢጫ ነገር ነው። ሁለት ቦታ ከፋፈለው፤ ደሟንም ወሰደ። ውጤቱ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ነገራት።

«ቀጠሮዬ እኮ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው» አለች።

«አውቃለሁ። እሱን እኔ ልወስንልሽ አልችልም።»

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፍናቸው አላውቅም። በምሳ ሰዓት ሁሉ ወደ ሚስዮኑ ትደውላለች፤ «አልመጣም» ይሏታል። እብጠቱ ያደገ ይመስላታል፤ መጸዳጃ ቤት ትጠራኝና ታስነካኛለች። እኔ «ያው ነው» እላለሁ፤ ይደግ አይደግ ግን አላውቅም። ቴፎ በየማታው እየደወለ «ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?» ይላታል። እሷም «እገባለሁ» ትለዋለች።

ሰኞ ደረሰ፤ ውጤቱ አልደረሰም። ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሄደች፤ ሸኘኋት። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ምን እንደምታደርግ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ተኝቶ መታከሚያው ክፍል በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ከውስጥ አንዲት ነርስ አልጋ ታነጥፋለች።

«አልችልም» አለችኝ።

ወጣቱን ሐኪም ፈልገን ኮሪደር ላይ አገኘነው። በሌላ ሆስፒታል ናሙና እንደሰጠች፣ ውጤቱ እስኪመጣ እንዲያቆይላት ለመነችው። ከንፈሩን ነከሰ።

«የአንቺን አልጋ ያጡ ሴቶች አሉ። ካንሰር ከሆነ እነዚህ ሳምንታት የማን ናቸው?»

«የእኔ ናቸው» አለች።

«ፈርሚ እንግዲያው።»

ደብተሯ ላይ «በራሷ ፈቃድ አዘግይታለች» ብሎ ጻፈ፤ እሷም ፈረመች። ፊርማዋ መስመር ሳተ። በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማታቶ፣ ባንቺ ምክር እሞት ይሆን?»

«ዝም በይ» አልኳት። ያን ሳምንት የሰፋሁት ኪስ ሁሉ እየተጣመመ አለቃችን ሁለቴ አስፈታኝ። ቴፎ ለእኔ ሰላምታ መስጠት ተወ። በደጄ በኩል ሲያልፍ «ሐኪሟ እንደምን አደረች?» ይለኛል፤ ስድቡ ይገባኛል። እሜ ማሴሎዋኔም ለካህሊሶ ስልክ ማንሳት ተወች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ካዛዲ ራሱ ደወለ። ፋብሪካ ውስጥ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው፤ ካህሊሶ ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ በሰው ሁሉ ፊት አነሳችው። «ነገ ነይ፤ ቢላ የለም» አላት።

በነጋታው ሁለታችን ፊቱ ተቀምጠን ነገረን። ካንሰር የለም። ቲቢ ነው። «ቲቢ ሰው ሳንባ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል፤ የትም ይገባል፤ ጡትም ውስጥ ይገባል» አለ። «ስድስት ወር ኪኒን ትውጫለሽ። አንድ ቀን አትዘይም። እብጠቱ ይሟሽሻል።» የሌላው በሽታ የደም ምርመራዋም ነጻ ነበር።

እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ከኮሪደሩ ነርስ መጥታ ተቆጣችኝ፤ ካዛዲ ሳቀ። ካህሊሶ ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከፍታ የእህቷን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ የእሷስ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መነጽሩን አወለቀ። «አላውቅም።»

«የመሰለዎትን ይንገሩኝ።»

«በሞተ ሰው ላይ የመሰለኝን አልናገርም ልጄ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ እውነቴን ነው። የአንቺው በሽታም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ግን መርፌ አልተወጋችም። የተቆረጠው ተመርምሮ ከሆነም እዚህ አልተጻፈም።»

«አባታችንን ያስታመመችው እሷ ናት እኮ።»

«አዎ» አለ ካዛዲ። «ነግረሽኛል።»

ደብተሩን ራሱ አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

ዳገቱን ስንወርድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ከዚያ በፊት ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። ሴሎዋኔ ያኔ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ፈርታ ጠፍታ ወደ ቤት መጥታ ነበር። የሆስፒታሉን ነጭ ልብስ የአገራችን ሴት ሁሉ ከላይ በምትደርበው ብርድ ልብስ ሸፍና በእግሯ ነው የመጣችው። በነጋታው እናቷ እጇን ይዛ መልሳ ወሰደቻት። «ፍርሃት የልጅ ነው፤ አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ» እያለች። በሩ ድረስ አድርሳ ለነርሷ አስረከበቻት።

«ይሄን ለእናቴ እንዴት ነው የምነግራት?» አለችኝ። «ልጅሽ ኪኒን ውጣ ትድን ነበር ልበላት? ወይስ ላትድን ትችል ነበር፣ አይታወቅም ልበላት? የቱ ይሻላል?»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ሆና ደወለች። የዚያን ቀን እሜ ማሴሎዋኔ አነሳች።

«እሜ፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ነው አሉ። በኪኒን ይጠፋል። የሴሎዋኔ ዓይነት አይደለም፤ ፍጹም ሌላ ነው አሉ።»

እናትየው በስልክ መዝሙር ጀመረች። ካህሊሶ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ ሜዳውን ስታይ ቆየች።

ኪኒኑን መዋጥ ጀመረች። ቴፎ የሰማ ዕለት ወደ ክፍሌ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሜ ማታቶ፣ አፌን ያዘኝ» አለኝ፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። እብጠቱ በሁለተኛው ወር መለስለስ ጀመረ። የብብቷ ጠፋ።

በዚያ ሰሞን በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ እሜ ማሴሎዋኔ ልጇን ልትጠይቅ መጣች። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የደረቀ ኮክ በራሷ ተሸክማ፣ ከታክሲው ስትወርድ ከሾፌሩ ጋር እየተጨቃጨቀች። ካህሊሶ እናቷ አይታ እንዳትለየው ኪኒኗን እኔ ዘንድ አስቀመጠች፤ ማታ ማታ ጨው ልዋስ ብላ እየመጣች ትውጣለች። ብልሃተኞች የሆንን መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ እሜ ማሴሎዋኔን መጸዳጃ ጉድጓዱ ጋ አየኋት። ሌሊት የሚሸናበትን ባልዲ ልትደፋ ይዛ ወጥታለች፤ ግን አልደፋችውም። ጎንበስ ብላ ውስጡን ታያለች። ሽንቱ እንደ ዝገት ውኃ ቀይ ነበር። ኪኒኑ እንደዚያ እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ባልዲውን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

«ማታቶ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ይሄ የአባቷ ሽንት ነው።»

«ቫይታሚን ነው እሜ። ቫይታሚንም ያቀላል።»

«ልጄ፣ እኔና ሴሎዋኔ ይሄን ሁለት ዓመት ስንደፋ ነው የኖርነው። ጠዋት እኔ፣ ማታ እሷ።»

ባልዲውን ደፋች። ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ካህሊሶ ለሥራ እየለበሰች ነበር፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ቲቢ ነው?»

ካህሊሶ ወደ እኔ አየች። አንገቴን ደፋሁ።

«አዎ እሜ።»

«ጡትሽ ውስጥ?»

«አዎ።»

«እንደ እህትሽ በግራ በኩል።» ጥያቄ አልነበረም። ቆይታ፣ «የእሷም ይሄ ነበር?»

«አይታወቅም። ዶክተሩም አይታወቅም ነው ያለው። የእሷ በእርግጥ ካንሰር ሊሆን ይችላል እሜ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

ካህሊሶ የሸሚዟን ቁልፍ ትቆልፍ ጀመር። እናትየው ግን አልተቆጣችም። «እኔም ብሆን እዋሽ ነበር» አለች፤ ተነሥታም ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «በሉ፣ ሥራ ቅሩ። እንሂድና የልጄን ወረቀት እንይ።»

ለሦስት ሆነን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ጡረታው የደረሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የመጣንበትን ሲሰማ አላሳፈረንም፤ ወንበር ሰጠን። አምስት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ የቀዶ ሕክምናውን ትልቅ መዝገብ ፈለገ፤ ሦስት መዝገብ ገልብጦ አገኘው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ አነበበልን። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ግራ ጡት። ናሙና ተልኳል። ከዚያ ቀጥሎ «ውጤት» የሚለው ሳጥን አለ። ሳጥኑ ባዶ ነው።

«ተልኮ ነበር ማለት ነው?» አለች ካህሊሶ።

«ተልኳል። ያልተመለሰ ወይም ተመልሶ ያልተጻፈ ነው።» አቧራ የለበሱ ካርቶኖች አውርዶ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየ። አጣ። እጁን እያራገፈ፣ «ያኔውኑ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ኖሮ ይገኝ ነበር» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው መሰለኝ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

እሜ ማሴሎዋኔ፣ «መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅንም ንታቴ» አለችው። «ንታቴ» አባት ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው ያለችው፤ እንዲያውም እሱን ለማጽናናት ይመስል ነበር።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ከወጣቱ ሐኪም ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ካህሊሶን አስታወሳት። ደብተሯን ተቀብሎ ካዛዲ የጻፈውን ቆሞ አነበበ፤ ከዚያ ግድግዳው ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ደግሞ አነበበ። «ልቆርጥሽ ነበር እኮ» አለ። ነርስ ጠራችውና ሄደ።

ታክሲ ተራው አጠገብ፣ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ባለችበት ጥላ ሥር ቁጭ አልን። ማናችንም አልበላንም። እሜ ማሴሎዋኔ መዳፏን እያየች ተናገረች።

«የልጅ እናት፣ ልጇ እንዳይቆረጥ፣ ቢላውን በስለቱ በኩል ትይዛለች ይባላል። እኔ ግን እጀታውን አስይዤ ነው የሰጠኋቸው።»

«እሜ፣ እንደሱ አትበይ። ልታድኛት ነው የወሰድሻት።»

«እሱማ ነው። ልትድን ነው የወሰድኳት።» አፍንጫዋን በብርድ ልብሷ ጫፍ ጠረገች። «መንገድ ላይ ‹እሜ፣ ሌላ ቦታ ብንጠይቅስ› ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ‹ሰው አታዋርጂ› አልኳት።»

ካህሊሶ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። በእናቷ ጉልበት ላይ ራሷን ደፍታ እዚያው በሰው መሀል አለቀሰች። ታክሲ ጠሪው «ማፑትሱዌ! ማፑትሱዌ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጮህ፣ ሦስት ስለሆንን ሌላ ታክሲ ጠበቅን።

ካህሊሶ ስድስቱን ወር አንድ ቀን ሳትዘልል ጨረሰች። እብጠቱ ጠፍቶ መርፌው በገባበት ነጥብ የምታህል ጠባሳ ብቻ ቀረች። ካዛዲ በመጨረሻው ቀጠሮ «በይ፣ ከእንግዲህ ፊትሽን አታሳዪኝ» ብሎ አሰናበታት። እሜ ማሴሎዋኔም ወደ መንደሯ ተመለሰች። በቆሎዋን ትዘራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ እንደ ድሮው ከታክሲ ሾፌር ጋር ትጣላለች። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ ስትናገር አልሰማኋትም። ፋሲካ ሲመጣ መቃብሩ ላይ ያለውን ሣር የምትነቅለው ግን ብቻዋን ሆኗል፤ ካህሊሶ ልከተልሽ ብትላት እሺ አትልም።

በተከታዩ ዓመት ካህሊሶ ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ በሁለቱም ጡቷ ልታጠባ እንደምትችል ነገሯት፤ በሁለቱም አጠባች። አያቲቱ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ሁለት ወር ቆየች። ልጅቷን ታጥባለች፣ ታዝላለች፣ ትዘፍንላታለች፤ ከእጇ አትለያትም። ካህሊሶ ልጅቷን በግራ ጡቷ ልታጠባ ሸሚዟን ስትከፍት ግን እሜ ማሴሎዋኔ ተነሥታ ትወጣለች፤ በሩን ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ትዘጋለች።

አንድ ቀን የልብስ ገመዱ አጠገብ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት።

«ምነው እሜ፣ ለምን ወጣሽ?»

«ቤቱ ሞቆኝ ነው ልጄ። ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ።»

ሐምሌ ነበር፤ በእኛ አገር የብርዱ ወራት ልብ። ገመዱ ላይ ያለው ልብስ ሁሉ በውርጭ ደርቆ እንደ ሳንቃ ቆሟል። ብርድ ልብሴን አውልቄ በእሷው ላይ ደረብኩላትና፣ ልጅቷ ጡቷን ጠብታ እስክትጨርስ አብሬያት ቆምኩ።